ርቀቱን የማይዘነጋ ምሥል

በቴአትር መድረክ ላይ አንድ ተዋናይ ከዓምድ ኋላ ሲያልፍ ዓምዱ ይሸፍነዋል፤ ወደ ፊት ሲራመድ ደግሞ እርሱ በተራው ዓምዱን ይጋርዳል። ይህን ሥርዓት ቦታው ራሱ ያስከብረዋል። የፊልም ምሥል ግን ጠፍጣፋ ነው። በተለያየ ጊዜና ሥፍራ የተሠሩ ሁለት ምሥሎች በአንድ ሸራ ላይ እንዲገናኙ ሲፈለግ፣ ማን ከፊት ማንስ ከኋላ እንደሚቆም መወሰን ግድ ይሆናል። ምሥሎችን የማዋሐድ ጥበብ ታሪክም በአመዛኙ ለዚህ ጥያቄ መልስ የመሻት ታሪክ ነው።

ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ እ.ኤ.አ. በ1898 የገዛ ራሱን ጭንቅላት እየነቀለ በጠረጴዛ ላይ ሲደረድር ባሳየበት አጭር ፊልም፣ መልሱን ያገኘው በጥቁር መደብ ፊት አንዱኑ ፊልም ደጋግሞ በማንሣት ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ባለሙያዎች የምሥሉን ከፊል የሚጋርድ መሸፈኛ እያበጁ ልዩ ልዩ ፊልሞችን በአንድ ላይ አተሙ። ይሁን እንጂ ፊልሙ በተገለበጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንስ ነበር።

ኮምፒዩተር ምሥል መሥራት ሲጀምር ያው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤድዊን ካትመል በዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ቮልፍጋንግ ሽትራሰር ደግሞ በበርሊን፣ በየፊናቸው ተመሳሳይ መፍትሔ አቀረቡ። ይኸውም ለእያንዳንዱ የምሥል ነጥብ ከቀለሙ ጋር ከካሜራው ያለው ርቀት ይመዝገብ፤ ቅርቡ ይታይ፣ ሩቁ ይጋረድ የሚል ነው። በ1984 ቶማስ ፖርተርና ቶም ዱፍ የነጥቦችን ግልጽነትና ድፍንነት የሚለካውን፣ አልፋ የተባለውን መጠን መሠረት አድርገው የማዋሐጃ ሕግጋትን ደነገጉ። በተከታዩ ዓመት ዱፍ ርቀትን በዚሁ ላይ ጨመረበት። ለየብቻ የተሠሩ ምሥሎች በየነጥባቸው ርቀት እየተነጻጸሩ ተራቸውን ራሳቸው እንዲይዙ የሚያስችል መንገድ በዚህ ተከፈተ።

ነገር ግን አንድ ነጥብ አንድ ርቀት ብቻ ሲይዝ ችግር አለ። በፀጉር ጫፍ፣ በጢስና በጉም ውስጥ፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ብዙ ነገሮች በተለያየ ርቀት ይደራረባሉ። አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ጠርዙን ሻካራ፣ ጉሙንም ግድግዳ ያደርገዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ወደ መሸፈኛ ለመመለስ ተገደዱ። አንድ ገጸ ባሕርይ በጫካ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ቢል፣ የእርሱ ቅርጽ የተቀነሰለት ጫካ እንደገና መሠራት ነበረበት። የአንድ ሰው ትንሽ የሐሳብ ለውጥ የሌሎችን ብዙ ድካም ከንቱ ያደርግ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 የፒክሳር ባልደረቦች ቶም ሎኮቪክና ኤሪክ ቪች፣ ለጥላ አሠራር ሲሉ፣ ብርሃን በየርቀቱ ምን ያህል እንደሚያልፍ በየነጥቡ የሚመዘግብ ዘዴ አሳተሙ። ይኸው አስተሳሰብ ወደ ምሥል ማዋሐድ ተሻግሮ፣ አንድ ነጥብ በርካታ ቀለሞችን ከነርቀታቸው እንዲይዝ ተደረገ። በኒውዚላንድ የሚገኘው ዌታ ዲጂታል በ2009 በታየው በአቫታር ፊልም ሥራ ተጠቀመበት። በ2013 ኦፕንኤክስአር የተባለው የምሥል ፋይል ዓይነት ይህን መረጃ መያዝ ቻለ፤ በ2014 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለፒተር ሂልማንና በዚሁ መስክ ለደከሙ ሌሎች ባለሙያዎች የቴክኒክ ሽልማት ሰጠ።

ዘዴው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ፋይሎቹ እጅግ ከባድ ናቸው። በተለመደው ካሜራ የተነሣ ተዋናይም ርቀቱን ይዞ ስለማይመጣ፣ ከአካባቢው ነጥሎ ማውጣት የእጅ ሙያን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ ግን የትኛው ነገር ከጉሙ ወጥቶ መታየት እንዳለበት ርቀት አይወስንም፤ ይህ የከያኒው ፍርድ ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ያለጊዜው የተጠፈጠፈ ምሥል የጣለውን እውቀት መልሶ አያገኝም። እያንዳንዱ ክፍል ቦታውን ይዞ ሲቆይ ግን፣ የአንዱ መታረም የሌላውን ልፋት አያፈርስም።