ጠያቂውና ዳኛው

ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ አጣዬ በሚወስደው የደሴ አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ጀውሃ ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲወራ ስሟ የሚነሳ ከተማ አይደለችም። የጥያቄና መልስ ውድድር አቅራቢነት ታሪክ ሲተረክም ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከአሜሪካ ሬዲዮ ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ቅጂው ነው ይባላል። ይህ አነጋገር ግማሽ እውነት አለው። የጨዋታው ሕግ፣ መብራቱና ሰሌዳው ከውጭ መጥቷል። ሰው ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ሰው ግን እንግዳ አልነበረም። ጀውሃ ባለችበት በይፋት ቆላ መንደሮች፣ እንደ ሌላውም የአማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ ጠያቂም ዳኛም ከሬዲዮ በፊት ይታወቁ ነበር። የዛሬውን አቅራቢ ሥራ ለመረዳት የሚጠቅመን ሁለቱን ለይቶ ማየት ነው።

የመጀመሪያው የእንቆቅልሽ ጠያቂ ነው። ማታ እሳት ዳር አንዱ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ከተባለ፣ የጀውሃን ወንዝ እያየ ያደገ ልጅ መልሱ ውሃ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ካቃተው ግን ቅጣት አለው፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው አንድ ከተማ ይጠራል፣ ጠያቂው ያንሰኛል ብሎ ይመልሳል፣ ሌላ ይጨመርለታል፤ ጎንደር ወይም ሐረር ሲደርስ እሺ ይላል። ከዚያ በተሰጠው አገር ሄዶ እንዴት እንደተንደላቀቀ፣ ተሸናፊው ደግሞ እንዴት እንደተዋረደ በቀልድ ያወርድበትና መጨረሻ ላይ መልሱን ይነግረዋል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ጠያቂው ራሱ ተጫዋች መሆኑን ነው። መልሱን የሚያውቀው እሱ፣ ትክክል ነው አይደለም የሚለው እሱ፣ አገር የሚወስደውም እሱ ነው። የሚቆጣጠረው ጎረቤትነት ብቻ ነው፤ ነገ ተራው የሌላው ስለሆነ ዛሬ አያጭበረብርም።

ሁለተኛው የመንገድ ዳር ዳኛ ነው። በቀድሞው የበልሃ ልበልሃ የሙግት ሥርዓት ሁለት ተካሳሾች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ፍረደን ማለት ይችሉ ነበር። ከሳሽ ተከሳሹን በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳሉ፤ ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ የአንደበተኛውን ብልሃት እያደነቀ ያዳምጣል። ውርርዱን የሚከፍለው የተረታው ወገን፣ የሚቀበለውም ዳኛው ስለነበር፣ ዳኛው ለአንዱ ወገን የሚያዳላበት የተለየ ጥቅም አልነበረውም። የሚፈለግበት ተራ ማስከበር፣ የንግግሩን ፍሰት መጠበቅና ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ፍርድ መስጠት ነው። የኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥያቄ አቅራቢ ልብሱ የእንቆቅልሽ ጠያቂ ቢመስልም ሥራው የዳኛው ነው፤ የሙያው ስኬትም ሆነ ውድቀት የሚለካው ከሁለቱ ወደ የትኛው እንዳዘነበለ ነው።

ማስረጃውን ከአሜሪካ መጀመር ይቻላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ዝነኛ የቴሌቪዥን ውድድር አዘጋጆቹ ተመልካች የሚወደውን ተወዳዳሪ ለማቆየት መልሱን አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ መምህሩ ቻርልስ ቫን ዶረን፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ አመነ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለውን ማታለል የሚከለክል ሕግ ወጣ። የፈረሰው የተወዳዳሪው ዕውቀት ብቻ አልነበረም፤ የጠያቂው ገለልተኛነት ነበር። እሳት ዳር ጠያቂው ቢያዳላ ጨዋታው ይበተናል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በሚያየው መስኮት ግን ማን ይመሰክራል?

እኛ ዘንድ ሬዲዮ በ1927 ዓ.ም.፣ ቴሌቪዥን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ባለቤታቸው መንግሥት ነበር። ተማሪዎችን የሚያወዳድረው ጥያቄና መልስም የመምህር ጠባይ ነበረው፦ አንድ ትክክለኛ መልስ አለ፣ እሱም መጽሐፍ ውስጥ ነው። በኢቢኤስ ቴሌቪዥን የቀረበው «የቤተሰብ ጨዋታ» ይህን ገለበጠው። ሥሩ በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው የቤተሰቦች ፉክክር ነው፤ ትክክለኛ የሚባለው መልስ አስቀድሞ የተጠየቁ መቶ ሰዎች አብዝተው የሰጡት ነው። አቅራቢው ነፃነት ወርቅነህ ከክፍል ሳይሆን ከትወና የመጣ ሰው መሆኑ አጋጣሚ አይመስለኝም። እንዲህ ባለው ጨዋታ የሚያስፈልገው ብዙ ማወቅ አይደለም፤ መልሱ ከመገለጡ በፊት ስንት ሰከንድ ዝም እንደሚባል፣ የደነገጠችውን እናት እንዴት እንደሚያስቋት፣ የተሸነፈውን ቤተሰብ በምን ቃል እንደሚሸኙት ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ «የተገዛን የውጭ ቅርጽ ከመንገድ ዳር ችሎት ጋር ማዛመድ ምኞት ነው» የሚል ይኖራል። ቅርጹ እንደተወረሰ አልተከራከርኩም። የምለው ተመልካቹ ለመቀበል ያልተቸገረበትን ምክንያት ነው፦ ከመንገድ የተጠራ ተራ ሰው ፍርድ ሲሰጥ አይተን ነበር። ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ «ዕውቀትን በአብላጫ ድምፅ መተካት ትውልድ ያደነዝዛል» ይባላል። ግን እንቆቅልሽም ቢሆን ከመጽሐፍ አልጠየቀም፤ የመንደሩን ሰው አስተያየት የሚያውቅ ያሸንፍ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡ አያት ከኮሌጅ ተማሪ ልጅ ልጃቸው እኩል የሚወዳደሩበት መድረክ ብዙ የለንም። የሚያሳስበኝስ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚካሄደው ጥያቄ ነው። እዚያ ጠያቂው ከእያንዳንዱ መልእክት ይከፈለዋልና እንደገና ባለጥቅም ሆኗል፤ ሆን ተብሎ የቀለለው ጥያቄም ብዙ ሰው እንዲልክ እንጂ ማን እንደሚያውቅ ለመለየት አይደለም።

የአብላጫው ፍርድም የራሱ ጉድለት አለው፤ መቶዎቹ እነማን ናቸው? «በጥቅምት የሚያስቸግር ነገር ጥቀስ» ቢባል የአዲስ አበባ ሰው ብርድ ይላል። በሸዋ ሮቢትና በጀውሃ ቆላ ግን ማሽላው እሸት ይዞ፣ ልጆች ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው የሚውሉበት ወቅት ስለሆነ መልሱ ወፍ ሊሆን ይችላል። መጠይቁ ከተማ ውስጥ ብቻ ተሞልቶ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ወፍ የለም፤ አቅራቢው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን የገበሬውን ቤተሰብ ነጥብ ሊሰጠው አይችልም። ከመንገድ ዳር ዳኛ ፍርድ ይግባኝ እየተባለ እስከ ዙፋን ችሎት ይደረስ ነበር፤ ከሰሌዳው ግን ይግባኝ የለም፤ ስለዚህ መጠይቁን ቆላ ወርዶ ማስሞላት የአዘጋጁ ግዴታ ይሆናል።