ለሞተ እንስሳ ማዘን፦ ከወለጋ የገበሬ ቤት የሚነሣ የነገረ መለኮት ጥያቄ

የቤት እንስሳ ሲሞት ማዘን ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እንስሳ ነፍስ አለው ወይ፣ ከሞተ በኋላስ ወዴት ይሄዳል ከሚለው ጥያቄ ነው። የዚህ መጣጥፍ ሙግት ግን መነሻው ሌላ መሆን አለበት የሚል ነው። ሐዘኑን ተገቢ የሚያደርገው የእንስሳው የወደፊት ዕጣ ሳይሆን ሰው በፍጥረት ላይ የተቀበለው አደራ ነው። አደራውን በፍቅር የተወጣ ሰው፣ የተሰጠው ፍጥረት ከእጁ ሲወጣ ቢያዝን እምነቱን አላጎደለም።

ጉዳዩን የከተማ ቅንጦት አድርጎ ማየት ወለጋን አለማወቅ ነው። በነቀምቴ ዙሪያ፣ በጊምቢ፣ በአርጆና በሻምቡ ገጠሮች የበሬ ሞት የቤተሰብ መከራ ነው። በዴዴሳ ሸለቆ ፄፄ የምትባለው የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው ገንዲ የእርሻ በሬን አመንምኖ ይገድላል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የደስታ በሽታ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ ያስከተለው ረኀብም «ክፉ ቀን» ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሬ የሞተበትን ሰው ጎረቤቶቹ «ምትኩን ይስጥህ» ብለው ያጽናኑታል። ምርቃቱ መልካም ቢሆንም የሚያየው የጠፋውን ሀብት ብቻ ነው። በስሙ እየተጠራ ለዓመታት ያረሰ በሬ፣ ወይም ሌሊቱን ከጅብ ሲጠብቅ የኖረ ውሻ ሲሞት ግን ከሀብቱ ጋር አንድ ጓደኝነትም ያልቃል፤ ለዚህ ምትክ አይገኝለትም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በ2ኛ ሳሙኤል 12 ነቢዩ ናታን፣ ከልጆቹ ጋር ያሳደጋትን አንዲት ግልገል ባለጠጋ ስለነጠቀው ድሃ ለዳዊት ይነግረዋል። ዳዊት ሲፈርድ አራት እጥፍ ካሳ ያዝዛል፤ ካሳው ከኦሪት ሕግ የተወሰደ ነው። ነገር ግን የዋጋው ጉዳይ አልበቃውም፤ የባለጠጋውን አለመራራት ራሱን የቻለ በደል አድርጎ ቆጥሮታል። ታሪኩ ምሳሌ መሆኑ፣ ያነጣጠረውም በኦርዮ ሚስት ላይ በተፈጸመው በደል መሆኑ እርግጥ ነው። ሆኖም ምሳሌው የንጉሡን ልብ ሊነካ የቻለው ድሃው ለግልገሏ ያለውን ፍቅር ሰሚው ሳይጠራጠር ስለሚቀበለው ነው። በዘፍጥረት 9 ከጥፋት ውኃ በኋላ የተሰጠው ቃል ኪዳን እንስሳትንም ያካትታል። እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ ከሕዝቡ ጋር እንስሳቷንም ይጠቅሳል (ዮናስ 4፥11)። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው መጻሕፍትም ይህን ሐሳብ ያሰፉታል፤ በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የአራዊትና የእንስሳት አንደበት ተዘጋ ይባላል፤ በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ውሻ ከመንገደኛው ወጣት ጋር ይጓዛል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከብበው መሣላቸውም በሰውና በአራዊት መካከል የፈረሰው ሰላም በቅድስና እንደሚጠገን ያሳያል።

ከዚሁ ከመጽሐፍ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥9 የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውን ሕግ ጠቅሶ፣ እግዚአብሔር ስለ በሬዎች ይገደዋልን ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን ስለ ወንጌል ሠራተኞች መብት በሚከራከርበት ቦታ የቀረበ ነው፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚሄድ ክርክር ደግሞ ትንሹን አይሽርም። ለበሬው የማይገደው ሕግ ለሠራተኛው ዋስትና ሊሆን አይችልም ነበር። ሁለተኛው ተቃውሞ የቶማስ አኩዊናስ ነው፤ የእንስሳ ነፍስ ከሥጋው ተለይታ አትኖርም ይላል። ጆን ዌስሊ በ1781 እ.ኤ.አ. በጻፈው ስብከት በተቃራኒው እንስሳት በመጨረሻ እንደሚታደሱ ተስፋ አድርጓል። ሐዘኑን ለመቀበል ግን በሁለቱ መካከል መፍረድ አያስፈልግም። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። የትንሣኤ እርግጠኝነት ያልከለከለውን እንባ፣ ስለ እንስሳ ዕጣ ያለው እርግጠኛ አለመሆን ሊከለክለው አይችልም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከወለጋ የቅርብ ዘመን ታሪክ ነው። ብዙ ሰው በተገደለበትና ከቀዬው በተፈናቀለበት ምድር ለውሻ ማልቀስ ለሰው ሞት ንቀት አይሆንም ወይ? የሰውና የእንስሳ ሞት እኩል ነው የሚል ቢኖር ተቃውሞው ትክክል በሆነ ነበር። ሐዘን ግን ደረጃ አለው፤ ለአንዱ ማዘን ከሌላው መስረቅ አይደለም። ምሳሌ 12፥10 ጻድቅን ለእንስሳው ነፍስ በመራራቱ ያውቀዋል፤ ለዚህ የደነደነ ልብ ለሰው ይራራል ብሎ ተስፋ ማድረግም ያዳግታል። የተፈናቀለው ገበሬ ራሱ ስለ ጠፉት ከብቶቹ ሲናገር የሚያዝነው ለአንድ ሕይወት ነው፤ ቤቱን፣ ማሳውንና በሬውን ለይቶ አይመዝንም። በነቀምቴ ያገለገሉት ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1972 እ.ኤ.አ. ወደ ሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት መነጣጠል እንደሌለባቸው ተሟግታለች። ደብዳቤው ስለ እንስሳ የተጻፈ አይደለም። አገልግሎት ሙሉውን ሰው የሚመለከት ከሆነ ግን የሰውየው በሬና ላም ከእረኝነት ጉዳይ ውጭ የሚሆኑበት ምክንያት የለም።

ይህ ሙግት ወሰን አለው። ፍትሐት ለተጠመቀ ሰው የሚደረግ ጸሎት ስለሆነ ለእንስሳ አይሠራም፤ ያልተገለጠ ተስፋ መስጠትም የካህን ሥልጣን አይደለም። ካህን ወይም ወንጌላዊ ግን እንስሳው ለሰጠው አገልግሎት ከባለቤቱ ጋር ምስጋና ሊያቀርብ፣ በአያያዙ በደል ካለ ንስሐ እንዲገባ ሊመክረው ይችላል። ስለ ቀረው ደግሞ በሮሜ 8 የፍጥረት ሁሉ መቃተት እንደሚያበቃ ከተነገረው ተስፋ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር ይበቃዋል።