የቬሮና መነኮሳይያት

የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ምንድን ነው የሚለው ፍለጋ መነሻው የሙታን መዝገብ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ዶሜኒኮ ሪጎኒ-ስተርን በቬሮና ከተማ ከ1760 እስከ 1839 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሞቱትን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ በካንሰር የሞቱትን ለይቶ ቆጠረ። በ1842 ያቀረበው ውጤት ገራሚ ነበር፦ የማኅፀን ካንሰር ያገቡትንና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች በብዛት ሲገድል፣ መነኮሳይያቱን ግን እምብዛም አይነካም። የጡት ካንሰር ደግሞ በመነኮሳይያቱ ላይ ይበረታል። ሰውየው የማኅፀንን በር ከማኅፀኑ አልለየም፤ ቢሆንም ያቺ ቁጥር ከመቶ ዓመት በላይ ስትጠቀስ ኖረች።

በ1950 ካናዳዊው ፋብያን ጋኞን በኩቤክ የ13,000 ያህል መነኮሳይያትን መዝገብ መርምሮ የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት አንዲትም አላገኘሁም አለ። (በ1988 ፔትር ስክራባኔክ የሚባል የደብሊን ሐኪም ማስረጃውን እንደገና አይቶ መነኮሳይያትም ይታመማሉ ሲል ተከራክሯል። ነገሩ ሲወራ እንደኖረው የጠራ አይደለም።)

ጣጣው ከቁጥሩ የወጣው ጥያቄ ነው። የታመመችው ሴት በስንት ዓመትሽ አገባሽ፣ ስንት ወንድ ታውቂያለሽ፣ ስንት ወለድሽ ትባላለች። የአጋላጭ ምክንያቶች ዝርዝር የሚባለው እንዲህ ተጠራቀመ። ባልሽስ? የሚል ብዙም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ዝርዝሩን ሳነበው የንስሐ አባት ጥያቄ ነው የሚመስለኝ።

በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ኧርቪንግ ኬስለር አቅጣጫውን አዞረው። ሚስቱ በዚህ ካንሰር የታመመችበት ወንድ ሌላ ሲያገባስ? ብሎ ሴቶቹን ተከታተለ፤ በሽታው በእነሱም ላይ ከሌሎች ሚስቶች በዝቶ ተገኘ። በ1982 ደግሞ ዴቪድ ስኬግና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የላቲን አሜሪካን ነገር አነሡ። እዚያ ብዙ ሴቶች በዕድሜያቸው ከአንድ ወንድ በቀር አያውቁም፣ በሽታው ግን ብርቱ ነው። የሚተላለፈውን ነገር ወደ ቤት ይዞ የሚገባው ባልየው ነው ማለት ነው።

ያ ነገር ምን ይሆን ሲባል ለዓመታት የተጠረጠረው ሄርፒስ ነበር። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ግን የለም፣ ከኪንታሮት ቫይረሶች ወገን ነው ብሎ ሙጭጭ አለ። በ1983 እሱና ባልደረቦቹ ኤች.ፒ.ቪ. 16ን፣ በዓመቱም 18ን ከዕጢው ውስጥ አገኙ። በ2008 ኖቤል ተሸለመ።

ቫይረሱ ሲታወቅ የድሮው ዝርዝር ትርጉሙ ተለወጠ። የግብረ ሥጋ ግንኙነት ካደረገው ሰው አብዛኛውን በሆነ ጊዜ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። አደጋው ሳይጠፋ ሲቆይ ነው፤ እንዲቆይ ከሚያደርጉት ውስጥ ኤች.አይ.ቪ.ና ሲጋራ አሉበት። አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ፣ የማኅፀኗ በር አሴቲክ አሲድ ሲቀባ ነጭ ቢያሳይ፣ ስለ ጠባይዋ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ይህን የሚነግራት አጥታ አንገቷን ደፍታ የምትወጣ ግን አለች።

ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ 14 ዓመት የሞላቸውን ልጃገረዶች መከተብ ጀመረች። ሰልፉ ላይ ወንዶች አልነበሩም፤ ክትባቱ እንደልብ ስለማይገኝ ቅድሚያው ለሴቶቹ ሆነ፣ ብዙዎቹ ከተከተቡም ወንዶቹ አብረው ይጠበቃሉ።