የሰዋስው ፈተናና የተፈታኙ ስሕተት

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ ዓይነቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ ብዙም ሳይለወጡ ተላልፈዋል። አንደኛው ለባዶው ቦታ ትክክለኛውን የግሥ ጊዜ ማስመረጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድን ነገር ከሌላው የሚያነጻጽረውን አነጋገር ማስመረጥ ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መስጫ ቋንቋ ሆነ። «ማትሪክ» እየተባለ ይጠራ በነበረው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናም ግዴታ ከሆኑት ትምህርቶች አንዱ ነበር። ከዚህም የተነሣ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በብዙ ወጣቶች ዕድል ላይ ሲፈርዱ ኖረዋል። እንግዲህ የጥያቄዎቹን አመጣጥ መመርመር ለመምህራን ትርፍ ሥራ አይደለም።

እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ በ1653 እ.ኤ.አ. የቋንቋውን ሰዋስው በላቲን ሲጽፍ፣ የእንግሊዝኛ ግሥ በራሱ ቅርጽ የሚለየው ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ማለትም የአሁንና ያለፈ እንደሆነ አስተውሎ ነበር፤ የቀረው ሁሉ በረዳት ግሦች የሚገለጽ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1761 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰዋስው ለተናጋሪዎች ልማድ ትልቅ ስፍራ ሰጠ። በዓመቱ ግን ሮበርት ሎውዝ የተባለው ቄስ ያወጣው መጽሐፍ የታላላቅ ደራስያንን ጽሑፍ ሳይቀር በስሕተት እየነቀፈ ደንብ አጸና። ለምሳሌ «ከእሱ ይልቅ» ለማለት «ዛን ሂም» ሳይሆን «ዛን ሂ» ማለት እንደሚገባ ከሎውዝ ደንብ ይከተላል፤ ከቃሉ በስተኋላ ያልተነገረ ግሥ አለና። አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር የኖረው ሊንድሊ መሪ በ1795 እ.ኤ.አ. ከሎውዝ ብዙ ወስዶ ያዘጋጀው የትምህርት መጽሐፍ ደንቡን በየትምህርት ቤቱ አሰራጨ። በዕለት ንግግር ግን «ዛን ሂም» እስከ ዛሬ ይነገራል።

ደንብ ቢኖርም ፈተናው ገና በጽሑፍና በቃል የሚሰጥ ረጅም ሥራ ነበር። ካምብሪጅ በ1913 እ.ኤ.አ. ለውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ሲሰጥ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ወደቁ። በዚያው ዘመን አካባቢ አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ኬሊ ለካንሳስ ትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው የንባብ ፈተና ተፈታኙ መልሱን ከመጻፍ ይልቅ ከቀረቡለት መካከል እንዲመርጥ አደረገ። በ1938 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእርሳስ ምልክትን በኤሌክትሪክ እያነበበ ነጥብ የሚቈጥር የአይ.ቢ.ኤም. መሣሪያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተፈታኙ ቍጥር ምንም ያህል ቢበዛ ለማረም አያስቸግርም። ሆኖም መሣሪያው የሚያውቀው ትክክልና ስሕተት የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ብቻ ነው፤ ስሕተቱ ስለ ምን እንደ ተሠራ አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ያነሡት የቋንቋ ሊቃውንት ናቸው። ሮበርት ላዶ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪው የሚቸገረው ቋንቋው ከአፍ መፍቻው በሚለይበት ስፍራ መሆኑን አስረዳ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፈተናም በዚያው ችግር ላይ እንዲያተኵር ሐሳብ አቀረበ።

የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተት ሲመረመር የላዶ አስተያየት እውነትነት አለው። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለት ነውር የለበትም፤ የቅርብ ኃላፊው ከ«ትናንት» ጋር ይስማማል። በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ ሲን» አይባልም፤ «ሶው» መባል አለበት። እንዲሁም «ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ይኖራል» የሚለው አማርኛ የአሁን ጊዜ ግሥ ሲይዝ፣ እንግሊዝኛው «ሃዝ ሊቭድ» ይላል። ተማሪው «ሊቭዝ» የሚለውን ቢመርጥ የገዛ ቋንቋውን ሥርዐት መከተሉ ነው።

በማነጻጸሪያውም እንዲሁ ነው። አማርኛ «ከወንድሟ ትረዝማለች» ሲል ግሡ አይለወጥም፤ የማነጻጸሩን ሥራ የሚሠራው «ከ» ነው። ማጠንከር ሲያስፈልግ «ይበልጥ» ይጨመራል። ስለዚህ «ሞር ቶለር» የሚለው ስሕተት «ይበልጥ ትረዝማለች» ከሚለው የተቀዳ ሊሆን ይችላል። «ከ» የመነሻም ምልክት ስለ ሆነ በ«ዛን» ፈንታ «ፍሮም» የሚመርጥ አይጠፋም። ይኸው «ከ» ግን «ዲፈረንት ፍሮም» በሚለው ላይ ተማሪውን ይረዳዋል፤ «ከዚህ የተለየ» ይባላልና። «ከቡና ሻይ እመርጣለሁ» ለማለት ደግሞ እንግሊዝኛው «ዛን»ንም «ፍሮም»ንም ትቶ «ፕሪፈር» ከሚለው ግሥ በኋላ «ቱ» ይላል። «ሱፒሪየር» እና «ሲኒየር»ም እንደዚሁ «ቱ»ን ያስከትላሉ። ሦስቱም ከላቲን የመጡ ቃላት መሆናቸው ለተማሪው ቢነገረው፣ በተናጠል ከመሸምደድ ይልቅ በአንድነት ይይዛቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲታይ የተሳሳተው ምርጫ ራሱ ማስረጃ ነው። ፒት ኮርደር በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የተማሪ ስሕተት ተማሪው በውስጡ የሠራውን ሥርዐት ለመምህሩ የሚገልጥ መሆኑን አስገነዘበ። ጆን ካሮልም በ1961 እ.ኤ.አ. ነጠላ ነጥቦችን ብቻ መጠየቅ እንደማይበቃና የሙሉ ንግግር ችሎታም መለካት እንዳለበት አሳስቦ ነበር። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰጠው ቶፍል ሰዋስውን ለብቻው የሚጠይቀውን ክፍል የተወው በ2005 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት መሰጠት ሲጀምር ነው፤ ሰዋስው ከዚያ ወዲህ በተፈታኙ ጽሑፍና ንግግር ውስጥ ይመዘናል።

ሆኖም የምርጫ ጥያቄ ከክፍል ውስጥ አልጠፋም፤ ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍልም በቀላሉ አይጠፋም። መምህሩ ግን ከመሣሪያው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። መሣሪያው የተሳሳቱትን ቈጥሮ ያቆማል፤ መምህሩ አርባ ተማሪዎች አንዱን የተሳሳተ ፊደል በአንድነት መምረጣቸውን አይቶ ምክንያቱን በአማርኛው ውስጥ ሊፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ «ሞር ቶለር» ያለው ልጅ «አልገባውም» ተብሎ አይታለፍም፤ «ይበልጥ ትረዝማለች» የሚለው የራሱ ቋንቋ በሰሌዳው ላይ ከእንግሊዝኛው ጎን ተጽፎ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል። ያ ልጅ ለሚቀጥለው ፈተና የሚቀመጠው በመገመት ሳይሆን በማወቅ ይሆናል።