በቴያዋ የታየው የጨረቃ ግርዶሽና የብርሃን ሞገድ

የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ትቶ ወደ ሴናር ሲጓዝ፥ በ1764 ዓ. ም. በገዳሪፍ አካባቢ ቴያዋ በምትባል ስፍራ ከጉዞው ተገታ። የአትባራው ሼህ ፊደሌ ገንዘብ እየጠየቀ መንገድ ከለከለው። ብሩስ ግን ሥነ ፈለክ የሚያውቅ ሰው ነበረና፥ በሚያዝያ 11 ቀን፥ ዓርብ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አፕሪል 17 ቀን 1772)፥ በሰማይ ምልክት እንደሚታይ አስቀድሞ አስታወቀ። በዚያው ምሽት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ተሸፈነች። ብሩስም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሴናር መንገዱን ቀጠለ። ዕውቀቱን ለማስፈራሪያ ማዋሉ ግን የሚያስመሰግነው አይደለም፤ በጎንደር ያሉት የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጨረቃን ሌሊት የሚቆጥሩት በዓልን ለማወጅ እንጂ ሰውን ለማስደንገጥ አልነበረም።

የግርዶሹን ሰዓት ማስላት አንድ ነገር ነው፤ በጥላ ውስጥ ያለችው ጨረቃ ስለምን እንደምትቀላ ማስረዳት ግን ሌላ ነው። የፀሐይ ብርሃን በምድር አየር ውስጥ ሲያልፍ ተሰብሮ ወደ ጨረቃ እንደሚደርስ ኬፕለር በ1604 ጽፎ ነበር። ቀለሙ ግን በብሩስ ዘመን የተፈታ ነገር አልነበረም። ሁይገንስ በ1690 ብርሃን ሞገድ ነው ቢልም፥ የኒውተን ስም እጅግ የከበረ ስለ ነበረ ብርሃን ጥቃቅን ቅንጣት ነው የሚለው አሳብ ገኖ ቆየ። የአንድ ሰው ክብር ለመቶ ዓመት ያህል ጥያቄን ሊያፍን መቻሉ የሚያስገርም ነው። ያንግ ከ1801 ጀምሮ ሁለት ብርሃን ተገናኝቶ በአንዱ ስፍራ ሲደምቅ በሌላው ሲጨልም አሳየ፤ ይህም የሞገድ ጠባይ ነው። ፍሬኔልም በሒሳብ አጸናው።

ከዚህ በኋላ በ1871፥ ማለት ከቴያዋው ምሽት 99 ዓመት ዘግይቶ፥ ሬሌ የተባለው እንግሊዛዊ የቀለሙን ምክንያት ገለጠ። የቀይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከሚሊሜትር ሚሊዮናዊ ክፍል 700 ያህል ሲሆን፥ የሐምራዊው 400 ያህል ነው። አየር አጭሩን ሞገድ ከረጅሙ ዘጠኝ እጥፍ ያህል አብልጦ ይበትነዋል። ስለዚህ ሰማያዊው በመንገድ ሲቀር ቀዩ አልፎ ጨረቃን ያለብሳታል። ይህንኑ ቅላት በ2017 ዓ. ም. ጳጉሜን 2 ቀን ምሽት ከመተማም ከገዳሪፍም ሊያዩት የሚቻል ሙሉ ግርዶሽ ሆኗል።

ግርዶሽ በማይኖርበት ጊዜም አንድ ብርጭቆ ውሃ፥ ጥቂት የወተት ጠብታና የእጅ ባትሪ ይበቃሉ። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ሲያልፍ፥ ከጎን የቆመው ተማሪ ሰማያዊ የሚመስል ጭጋግ ያያል፤ ከፊት ለፊት የቆመው ግን ወደ ቀይ ያዘነበለ ብርሃን ያያል።