ከብሎን ፋብሪካ እስከ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር

በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ግቢ መካከል፣ ቁመቱ 100 ሜትር ገደማ የሚደርስ ባለሰዓት ግንብ ቆሟል። ተማሪዎቹ «ኦልድ ጆ» ይሉታል፤ ሽማግሌው ጆ እንደማለት ነው። ጆ የተባለው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ቻንስለር ጆሴፍ ቻምበርለን ነው። በደቡብ አፍሪካ ታሪክ ውስጥ ግን ይኸው ስም የሚነሣው ከጦርነት ጋር ተያይዞ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት የሕይወቱን መንገድ ከመነሻው መከተል ይበጃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻምበርለን በ1836 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ጫማ አምራች ነበር። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ ሥራ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ ወደ በርሚንግሃም ተላከ። በዚያ የአክስቱ ባል ኔትልፎልድ አዲስ ዓይነት የእንጨት ብሎን የሚያመርት የአሜሪካ ማሽን መብት ገዝቶ ነበር። የቀድሞው ብሎን ጫፉ ደነዝ ስለነበረ አስቀድሞ ቀዳዳ ካልተበጀለት አይገባም፤ አዲሱ ግን ጫፉ የሾለ በመሆኑ በካቻቪቴ ሲዞር ራሱ እየሰረሰረ ይገባል። በዚህ ንግድ ውስጥ አባትየው 10 ሺህ ፓውንድ አግብቶበት ነበር። ልጁም የተላከው የቤተሰቡን ገንዘብ እንዲጠብቅ ነው።

ወጣቱ የሒሳቡንና የሽያጩን ሥራ ያዘ። ዋጋ እየቀነሰ፣ ትንንሾቹን ተወዳዳሪዎች እየገዛ፣ ኩባንያውን በእንግሊዝ ከሚመረተው ብሎን ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራ አደረገው። በ1874፣ ገና በ38 ዓመቱ፣ 120 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይዞ ከንግድ ዓለም ወጣ።

ቤቱ ግን እንደ ንግዱ አልቀናውም። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1863 ልጃቸውን ኦስተንን ወልዳ ሞተች። ሁለተኛዋም፣ የመጀመሪያይቱ ዘመድ የነበረችው፣ በ1875 በወሊድ ምክንያት አረፈች። ከዚያ ወዲያ የወላጆቹ ሃይማኖት አላጽናናውም፤ እምነቱን አጣ። ለሐዘኑ መሸሻ ያደረገው የሕዝብ ሥራን ነው።

በ1873 የበርሚንግሃም ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ከተማይቱ በፋብሪካ ጢስ የጠቆረች፣ ድሆቿ ተፋፍገው የሚኖሩባት ነበረች። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ የሚጠጡት ከጉድጓድ ሲሆን ጉድጓዶቹም በፍሳሽ የተበከሉ ነበሩ። ቻምበርለን አስቀድሞ ሁለቱን የጋዝ ኩባንያዎች ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለከተማው አስገዛ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 34 ሺህ ፓውንድ ትርፍ ተገኘ። ቀጥሎ የውሃ ኩባንያውን አስገዛ። እዚህ ላይ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር፤ ጋዝ ለከተማይቱ ገቢ ያስገባ፣ ከውሃ ግን ትርፍ አይፈለግም አለ። የሕዝብ ሕይወትና ሞት በባለአክሲዮኖች እጅ ሊቀር አይገባም ሲል ተከራከረ። ነጋዴው ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ ለይቶ ያወቀበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው።

ሥራው ነቀፋ አላጣም። የተጎሳቆሉት ሰፈሮች ፈርሰው ሰፊው ኮርፖሬሽን ጎዳና ሲሠራ፣ ለተፈናቃዮቹ ድሆች የተሠራላቸው ቤት እጅግ ጥቂት ነበር። ሱቆች በዙ፤ ድሃው ግን ወደ ሌላ የተፋፈገ ሰፈር ተገፋ። የሆነ ሆኖ ከንቲባው ለመራጮቹ መልስ መስጠት ነበረበት።

በ1876 ፓርላማ ገባ። በአንድ ዓይኑ ላይ በሚያደርጋት መነጽርና በኮቱ ላይ በሚሰካት የኦርኪድ አበባ ይታወቅ ጀመር። በ1880 ሚኒስትር ሆነ። በ1886 ግን ለአየርላንድ የራስ አስተዳደር መሰጠቱን ተቃውሞ ከግላድስተን ተለየ፤ የሊበራል ፓርቲም ተሰነጠቀ። በ1895 ከወግ አጥባቂዎቹ ጋር ተጣምሮ ሥልጣን ሲይዝ፣ የፈለገው የቅኝ ግዛት ሚኒስትርነትን ነበር።

ወዲያውም ቅኝ ግዛቶቹን ካልለማ ርስት ጋር አመሳሰላቸው። የአንድ ባለርስት ተግባሩ ገንዘብ አፍስሶ ማልማት ነውና፣ የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ገፋፋ፤ የለንደኑ የሐሩር ክልል በሽታዎች ትምህርት ቤት በ1899 እንዲቋቋምም ደገፈ። ይህ ሁሉ የበርሚንግሃሙን ከንቲባ ያስታውሳል። ልዩነቱ በርሚንግሃም ውስጥ ባለርስቱ ራሱ ሕዝቡ መሆኑ ነው። በአፍሪካ ግን ርስት የተባለው የሌላ ሰው አገር ነበር፤ ባለአገሩን የጠየቀ የለም።

በ1895 መጨረሻ ጄምሰን የተባለው የእንግሊዝ ሹም ታጣቂዎች አስከትሎ የቦሮቹን ትራንስቫልን ወረረ፤ በጥቂት ቀናትም ተማረከ። የፓርላማው ኮሚቴ በ1897 ቻምበርለንን ነጻ ቢያወጣውም፣ አንዳንድ ቴሌግራሞች ለኮሚቴው ሳይቀርቡ በመቅረታቸው ጥርጣሬው አልጠፋም። በ1899 ጦርነቱ ሲፈነዳ ብዙዎች «የጆ ጦርነት» አሉት። የእንግሊዝ ጦር ሴቶችንና ሕፃናትን ባጎረባቸው ካምፖች ከ20 ሺህ በላይ ቦሮች አለቁ፤ ለብቻ በታጎሩት ጥቁር አፍሪካውያንም ላይ ብዙ ሺህ ሞት ደረሰ። የበርሚንግሃሙ ከንቲባ የተበከለ ውሃ ሕፃናትን እንደሚገድል አሳምሮ ያውቅ ነበር። በካምፖቹም ሕፃናቱን የፈጀው በሽታ ነው።

በ1901 ጦርነቱን የሚቃወመው ሎይድ ጆርጅ በበርሚንግሃም ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሊናገር ሲመጣ፣ የተቆጣ ሕዝብ አዳራሹን ከበበው፤ ሰውየውም የፖሊስ ልብስ ለብሶ አመለጠ። ቻምበርለን ንጹሕ ውሃ ያጠጣው ሕዝብ ነበር።

በ1903 ከቅኝ ግዛቶቹ ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጣል ብሎ ተነሣ፤ ሁለተኛውንም ፓርቲ ሰነጠቀ። በ1906፣ 70ኛ ልደቱ በተከበረ በቀናት ውስጥ፣ አካሉ ሽባ ሆነ። በጁላይ 1914 ሞተ። በዌስትሚንስተር ይቀበር የሚል ሐሳብ ቢቀርብም ቤተሰቡ አልተቀበለውም፤ በበርሚንግሃም ተቀበረ።

የልጁ ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኔቪል ቻምበርለንም እንደ አባቱ በበርሚንግሃም ፋብሪካ የመራ፣ ከንቲባም የነበረ ሰው ነው። በ1936 በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ መቀጠሉን እብደት ነው ብሎ ተናገረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ፣ በ1938 መንግሥቱ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ዕውቅና ሰጠ። ኦስትሪያን ከዋጠችው ጀርመን ኢጣሊያን ለመነጠል ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነበር፤ የተከፈለው ግን ከእኛ ኪስ ነው።

አባት በልጁ ሥራ አይከሰስም። ነገር ግን ባለአገሩ በሌለበት በአገሩ የመዋዋል ልማድ በዚያ ቤት በኔቪል አልተጀመረም። የበርሚንግሃም ሰው ጆሴፍ ቻምበርለንን ቢያመሰግነው እውነት አለው። የደቡብ አፍሪካ እናት ብትወቅሰውም እውነት አላት።