በተለያዩ የሰዓት ቀጣናዎች ያሉ ባልደረቦች የሥራ ግንኙነት፡ ከፒያሳ እስከ እህት ከተሞች

በአራዳ ክፍለ ከተማ ፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና አናት ላይ የሚገኘውና ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ የከተማዋ አስተዳደር ከውጭ ከተሞች ጋር ከሚገናኝባቸው በሮች ዋነኛው ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2004 ከጀርመኗ ላይፕዚግ፣ በ2006 ከቤጂንግ፣ በ2013 ደግሞ ከዋሽንግተን ዲ.ሲ. ጋር የእህትማማችነት ግንኙነት መሥርታለች። ግንኙነቱ በስምምነት ሰነድ ቢጀመርም በተግባር የሚጸናው ግን በየዕለቱ በሚላኩ ደብዳቤዎች፣ በስልክና በቪዲዮ በሚደረጉ ስብሰባዎች ነው። የእነዚህ ከተሞች የሥራ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር ስለማይገጥም፣ ሥራው የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በርቀት የሚደረግ የሥራ ግንኙነት ለአገራችን አስተዳደር አዲስ አይደለም። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 ግንባታው የተጀመረው፣ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሐረር አዲስ አበባ የስልክ መስመር መልእክተኛ በቀናት የሚያደርሰውን ቃል በቅጽበት ለማድረስ አስችሏል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተዘረጋው ወረዳኔትም የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በቪዲዮ ስብሰባ አገናኝቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱም መስመሮች ያገናኙት በአንድ ሰዓት የሚሠሩ ሰዎችን ነው። ከባሕር ማዶ ጋር ሲሠራ ግን ከርቀቱ በላይ የሰዓት ልዩነቱ ይከብዳል።

የጋራ የሥራ ሰዓትን ማወቅ

በአገራችን የተለመደው የመንግሥት የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ሲሆን፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ የሚቆመው በ5፡30 ነው። ቤጂንግ ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። በመሆኑም በቤጂንግ ሥራ የሚያበቃበት 17፡00 በአዲስ አበባ የቀኑ 6 ሰዓት ስለሚሆን፣ ለጋራ ሥራ የሚመቸው ጠዋት ብቻ ነው።

ዋሽንግተን በአንጻሩ በክረምቷ በ8 ሰዓት፣ በበጋዋ ደግሞ በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። በዚያ ሥራ የሚጀመርበት 9፡00 በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ወይም 10 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጋራ ክፍት ሆነው የሚቆዩት ለግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛም ለአንድ ሰዓት ተኩል ነው። ላይፕዚግ በክረምቷ በ2፣ በበጋዋ በ1 ሰዓት ብቻ ወደኋላ ስለምትቀር የተሻለ ዕድል ትሰጣለች።

ኢትዮጵያ በዓመት ውስጥ ሰዓቷን አትለውጥም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን ወደፊት ስለሚገፉ፣ በመካከል ባሉት ሳምንታት የለመዱት ቀመር ሊያሳስት ይችላል። ሰዓቱ ወደነበረበት የሚመለሰውም በአሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ በአውሮፓ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው።

ሰዓትና ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ከራሳችን የሰዓት አቆጣጠር ይመነጫል። በአማርኛ «3 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ ወደ ውጭ ቋንቋ ሲመለስ ቁጥሩ እንዳለ ከተወሰደ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። የሌሊት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በእኛ ልማድ ግን አዲሱ ቀን የሚታሰበው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የጨረታ መዝጊያም ሆነ የሰነድ ማስረከቢያ ጊዜ ሲወሰን ዕለቱ በስሙ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከቦታው ጋር መጠቀስ ይኖርበታል። ለምሳሌ፦ «ረቡዕ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2026)፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት (17፡00)፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 9፡00» ተብሎ ቢጻፍ ለጥርጥር ቦታ አይተውም።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፣ «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት» የሚለው ሐረግ ለውጭ ባልደረባ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ጊዜ ሊያመለክት ይችላል። ሪፖርት ሲጠየቅም ሆነ ሲላክ የወቅቱን መነሻና መድረሻ ቀን መግለጽ ተገቢ ነው።

በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ደብዳቤ

ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ከፒያሳ የወጣ መልእክት ቤጂንግ ሲደርስ በዚያ ከምሽቱ 20፡00 ስለሚሆን፣ የሚነበበው ዓርብ ጠዋት ነው። ጉዳዩ ግልጽ ካልሆነ ተቀባዩ ማብራሪያ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛ ዓርብ ቢሮ እንደገባ ካልመለሰና ጉዳዩን ለከሰዓት በኋላ ካቆየው፣ ምላሹ የሚነበበው ሰኞ ይሆናል። አንድ ያልተብራራ ዓረፍተ ነገር የሦስት ቀን መዘግየት አስከተለ ማለት ነው። ይህን ለማስቀረት ደብዳቤው ምን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚወስን፣ እስከ መቼ እንደሚጠበቅና ምላሽ ካልተገኘ ምን እንደሚደረግ በአንድ ጊዜ መያዝ አለበት፤ አባሪዎችም አብረው ሊላኩ ይገባል።

ስብሰባን በተመለከተም የሚያስፈልገው ለውሳኔና ለምክክር እንጂ መረጃ ለማስተላለፍ ብቻ መሆን የለበትም። አዲስ አበባ፣ ቤጂንግና ዋሽንግተን ሦስቱም በሥራ ላይ የሚሆኑበት ሰዓት ስለሌለ፣ የሦስትዮሽ ስብሰባ ሲጠራ ከመካከላቸው አንዱ ከሥራ ሰዓት ውጭ መገኘቱ አይቀርም። ይህ ሸክም ሁልጊዜ በአንድ ወገን ላይ እንዳይወድቅ ሰዓቱን በዙር መለዋወጥ ፍትሐዊ ነው። ሊገኙ ላልቻሉትም ውሳኔውን፣ ፈጻሚውንና የማጠናቀቂያውን ቀን የያዘ አጭር ቃለ ጉባኤ በማግሥቱ ሊደርሳቸው ይገባል።

የበዓላት ልዩነትም አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የእኛ ገናና ጥምቀት በጃንዋሪ 7 እና 19 አካባቢ ሲውሉ በውጭ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሥራ ላይ ናቸው፤ የቻይና የአዲስ ዓመት በዓል ሲከበር ደግሞ በቤጂንግ ያሉት ለቀናት ይዘጋሉ። በዓመቱ መጀመሪያ የሁለቱን ወገን በዓላት የያዘ የጋራ የቀን መቁጠሪያ ማዘጋጀትና ለእያንዳንዱ ጉዳይ ተጠሪና ተተኪ መሰየም፣ አንዱ ሠራተኛ በሌለበት ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ያደርጋል።